«ተው» ባይ ያጣ ጨዋታ

ልጅ ከልጅ ጋር ሲውል መወራረዱ የዛሬ ነገር አይደለም። በየመንደሩ ያደግን ሁሉ እንደምናስታውሰው፣ አንዱ «ወንድ ከሆንህ ይህን ቦይ ዝለል» ይላል፤ ሌላውም እንዳይናቅ ሲል ይዘላል። የሞላ ወንዝ የተሻገረ፣ ከረዥም ባሕር ዛፍ ጫፍ የወጣ፣ ሚጥሚጣ በእንጀራ ጠቅልሎ ዓይኑ ሳያለቅስ የዋጠ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል የመንደሩ ጀግና ሆኖ ይሰነብት ነበር። ይህ የልጅነት ጠባይ ስለ ሆነ አባቶቻችን ፈጽመው ሊያጠፉት አልሞከሩም። ነገር ግን በዚያ ውርርድ አጠገብ ዘወትር የማይታጣ አንድ ሰው ነበረ። ይኸውም ውሃ ቀድታ የምትመለስ እናት፣ ወይም ከደጃፉ ተቀምጦ ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ ነው። ነገሩ ከልክ ማለፉን ሲያይ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ተው!» ይላል። ልጁም የማንም ልጅ ቢሆን ያን ቃል ሰምቶ ይመለሳል።

ዛሬ ውርርዱ እንዳለ አለ፤ «ተው» ባዩ ግን ጠፍቷል። ስለ ልጆቻችን ስናስብ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ይህ ነው።

ልጆቻችን «ቻሌንጅ» እያሉ የሚጠሩት አዲሱ ውርርድ አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው ዘፈን ተከትሎ ሲጨፍር፣ ወይም የማይበላ ነገር ሲበላ፣ ወይም ከከፍታ ላይ ሲዘል ራሱን በስልክ ይቀርፅና በቲክቶክ፣ በኢንስታግራም ወይም በዩቲዩብ ያወጣዋል። ተመልካቹንም «አንተስ?» ይለዋል። ያም ያንኑ አድርጎ ይቀርፃል፤ ሦስተኛውም እንደዚሁ ያደርጋል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ነገሩ ከአህጉር ወደ አህጉር ይዛመታል። የመንደሩ ውርርድ ምስክሮቹ አምስት ወይም ስድስት ልጆች ነበሩ፤ የዚህኛው ግን ሚሊዮኖች ናቸው። የዚያኛው ወሬ በሳምንቱ ይረሳ ነበር፤ ይህኛው ግን ተቀርፆ ይኖራል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች፣ የአገራችን መሆኑን ካልገለጽን በቀር፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

አስቀድመን ግን ፍርዳችን ሚዛኑን የጠበቀ እንዲሆን መልካሙንም መናገር ይገባናል። በ2014 በሐምሌና በነሐሴ ወራት፣ ሰዎች በበረዶ የቀዘቀዘ ውሃ በባልዲ በራሳቸው ላይ እያፈሰሱ ወዳጆቻቸውን «እናንተም አድርጉ፤ ገንዘብም ስጡ» ይሉ ነበር። ነገሩ የታሰበው ኤ.ኤል.ኤስ. ለሚባለው፣ ጡንቻን የሚያንቀሳቅሱትን ነርቮች እየገደለ ሰውን ከመናገርና ከመተንፈስ ለሚከለክል በሽታ ነው። ወደ 17 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች ቪዲዮ አወጡ፤ በአሜሪካ ያለው የበሽተኞቹ ማኅበርም 115 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። ከዚያው ገንዘብ በተደገፈ ምርምር በ2016 ከበሽታው ጋር የተያያዘ አንድ ዘረ መል ታወቀ። ስለዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው እየተያዩ አንድ ነገር ማድረጋቸው በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉ የሚሆነው የሚደረገው ነገር ምን እንደሚያስከትል ማንም ሳይጠይቅ ሲቀር ነው።

ባለፈው ዓመት በምንኖርበት ግቢ የሆነውን እንናገር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን ልጅ፣ ዕድሜው አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው፣ አንድ ሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ ያለ ውሃ ለመዋጥ ከጓደኞቹ ጋር ተወራረደ። ማንኪያውን አፉ ውስጥ እንዳስገባ ደቃቁ ዱቄት ወደ አየር ቧንቧው ገባና ትንፋሽ አሳጣው። ቀራፂው ልጅ ግን ጓደኛው የሚቀልድ መስሎት ይስቅ ነበር። እናቱ ጩኸት ሰምታ ስትወጣ ልጁ ከንፈሩ ጠቁሮ መሬት ላይ ተንበርክኮ አገኘችው። ጤና ጣቢያ ተወስዶ ኦክስጅን ተሰጠውና እስከ ማታ ድረስ ሲጠበቅ ቆይቶ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ሆነ።

እኛን እጅግ ያስገረመን ግን በማግሥቱ ያየነው ነው። ልጆቹ ቪዲዮውን ቆርጠው አውጥተውት ኖሯል። አሥራ ስምንት ሴኮንድ ነው። ልጁ ማንኪያውን ያነሣል፤ ዓይኑን ያፈጣል፤ ቡናማ ዱቄት ከአፉ ቡን ሲል ይታያል፤ በዚያም ያልቃል። ማሳሉ የለም፤ የእናቲቱ ጩኸት የለም፤ ጤና ጣቢያው የለም። በሌላ ሰፈር የሚኖር ሌላ ልጅ ይህን ሲያይ የሚያየው ሳቅን ብቻ ነው።

ይህ የቀረፋ ጨዋታ በ2012 በአሜሪካ እጅግ ተስፋፍቶ ነበር። የዚያ አገር የመርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከሎች ስለዚሁ ጨዋታ በ2011 51 ጥሪ የተቀበሉ ሲሆን፣ በ2012 ቁጥሩ ወደ 222 ከፍ አለ። በ2013 ሐኪሞች እንዳስረዱት ቀረፋ ከዛፍ ልጥ የሚገኝ ስለ ሆነ ሴሉሎዝ የሚባል ጠንካራ ነገር አለበት፤ ይህም በሳንባ ውስጥ ቶሎ የማይሟሟ ነው። በእንስሳት ላይ በተደረገው ምርመራ ሳንባን እያቆሰለ ጠባሳ እንደሚያስቀር ታይቷል። ለሻይና ለወጥ የምንወደው ቅመም፣ በቁንጥር ሲሆን መድኃኒት የሚመስለው፣ ሳንባ ሲገባ እንዲህ ያለ ጠላት ነው።

ከቀረፋው በኋላ ሌሎች ተከተሉ። በ2018 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ ወጣቶች በቀጭን ሽፋን የተጠቀለለውን የልብስ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እየነከሱ ይቀረፁ ጀመር። ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ባሉት ልጆች ዘንድ ሆን ተብሎ የተደረገ እንዲህ ያለ አደጋ በ2017 ዓመቱን በሙሉ 53 ሲሆን፣ በ2018 ግን በመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት ቀናት ብቻ 39 ደረሰ። ሳሙናው የተጠናከረ ስለ ሆነ ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ወደ ሳንባም ሲገባ ትንፋሽን ይዘጋል። በመስከረም 2020 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ዳይፈንሃይድራሚን የሚባለውን የአለርጂ መድኃኒት ወጣቶች ለቪዲዮ ሲሉ ከልክ በላይ እየወሰዱ መሆናቸውን ገልጾ፣ የልብ ሕመም፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስን መሳትና ሞት እንደሚያስከትል አስጠነቀቀ።

ከሁሉም የሚከፋው ትንፋሽን በመግታት ራስን እስከ መሳት የሚደረሰው ነው። ይህ ከቲክቶክ በፊት የነበረ ክፉ ጨዋታ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2008 ባወጣው ዘገባ፣ ከ1995 እስከ 2007 ድረስ ከስድስት እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው 82 ልጆች በዚሁ ሰበብ ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገልጿል። አንጎል ኦክስጅን ካጣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ ብቻውን ያለ ልጅ ራሱን ከሳተ ደግሞ የሚያነሣው የለም። ወላጅ የሆነ ሁሉ ልብ ሊለው የሚገባው ግን የዚያው ዘገባ ሌላው ክፍል ነው። በቂ ማስረጃ ከተገኘላቸው 42 ሟቾች ውስጥ የ39ኙ ወላጆች ልጃቸው እስኪሞት ድረስ እንዲህ ያለ ጨዋታ መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር። በአንድ ቤት እየኖሩ፣ ከአንድ ማዕድ እየበሉ አላወቁም።

ታዲያ ልጅ አደጋውን ለምን አያይም? ቢባል መልሱ በግቢያችን ያየነው ነው። ቪዲዮ ያወጣው ከጨዋታው በሕይወት የተረፈው ልጅ ነው፤ ያልተረፈው አያወጣም። መቶ ቪዲዮ የተመለከተ ልጅ መቶ የሚስቁ ፊቶችን አይቶ «ምንም አይደለም» ይላል። በዚህ ላይ አልጎሪዝም የሚባለው የኮምፒዩተር ስሌት ልጁ በየትኛው ቪዲዮ ላይ ዓይኑን እንዳቆየ እየመዘነ የሚመስለውን ደጋግሞ ያቀርብለታል። ስሌቱ የሚመዝነው ልጁ ዓይኑን ምን ያህል እንዳቆየ እንጂ ያ ነገር ይጠቅመው ወይም ይጎዳው እንደ ሆነ አይደለም። ስለዚህ እንደ ደጃፉ ሽማግሌ «ተው» አይልም፤ እንዲያውም «ጨምር» ይላል።

በጥር 2021 በኢጣልያ በፓሌርሞ ከተማ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ሞተች፤ ከእንዲህ ያለው የትንፋሽ ጨዋታ ጋር የተያያዘ ነው ተብሎም ምርመራ ተጀመረ። የኢጣልያ የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣንም ቲክቶክ ዕድሜያቸው ያልተረጋገጠ ሰዎችን እንዲያግድ አዘዘ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ማጣራት ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉ ከ500,000 በላይ መዝገቦች በዚያች አገር ብቻ ተሰረዙ። በነሐሴ 2024 ደግሞ በፊላደልፊያ የሚያስችለው የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በፔንሲልቫኒያ ስለ ሞተች ሌላ የአሥር ዓመት ልጅ በቀረበለት ጉዳይ፣ አንድ ኩባንያ በስሌቱ መርጦ ለልጅ ያቀረበው ነገር የራሱ የኩባንያው ንግግር ስለ ሆነ ከክስ ነጻ አያደርገውም ሲል ወሰነ። ይህ ውሳኔ ኩባንያው ጥፋተኛ ነው ማለት ሳይሆን፣ «እኛ አስተላላፊ እንጂ አቅራቢ አይደለንም» የሚለው መከላከያ በዚያ ፍርድ ቤት ፊት ሳይጸና ቀረ ማለት ነው።

እስካሁን የተናገርነው ሥጋን ስለሚጎዳው ነው። ደም የማያፈስ ሌላም ጉዳት አለ፤ እርሱም ምስጢርን ማጣት ነው።

የእኅታችን ልጅ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። አንድ ቀን የሃያ ሴኮንድ የጭፈራ ቪዲዮዋን አሳየችን። ጭፈራው የሚያስነቅፍ አልነበረም፤ እንዲያውም ደስ ይል ነበር። እኛ ግን አጠገቧ ተቀምጠን «ይህን የማያውቅሽ ሰው ቢያየው ስለ አንቺ ምን ሊያውቅ ይችላል?» ብለን ጠየቅናትና አብረን መቁጠር ጀመርን። የተማሪ ቤት ልብሷን ለብሳለች፤ በደረቱም ላይ የተማሪ ቤቱ ምልክት አለ። በመስኮቱ በኩል የማዞሪያው ሱቅ ማስታወቂያ ይነበባል፤ ስለዚህ ሰፈሩ ታወቀ። የብርሃኑ ሁኔታ ከተማሪ ቤት የምትመለስበትን ሰዓት ይናገራል። ከበስተኋላዋ አያቷ ነጠላቸውን ተከናንበው ሲጸልዩ ይታያሉ፤ ለመቀረፃቸውም የጠየቃቸው የለም። በጠረጴዛው ላይ የእርሳቸው የመድኃኒት ከረጢት ተቀምጧል፤ የሕክምና ቤቱም ስም ተጽፎበታል። ልጅቱ ቆጥራ ስትጨርስ ዝም አለች። ቀጥላም «ጋሼ፣ እኔ ያሳየሁት ጭፈራዬን ብቻ መስሎኝ ነበር» አለችን።

አበው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ። ቪዲዮም እንደዚሁ ነው። የጠፋ ቢመስል እንኳ በሌላ ሰው ስልክ ተገልብጦ ሊኖር ይችላል። የሰው ፊት ደግሞ እንደ ይለፍ ቃል በተሰረቀ ጊዜ የሚለወጥ አይደለም። በጥር 2019 ብዙ ሰዎች የዛሬ አሥር ዓመት የተነሡትን ፎቶግራፍ ከአሁኑ ጋር ጎን ለጎን ያወጡ ነበር፤ እንዲህ ያለው ጥንድ ፎቶግራፍ ሰው እያረጀ ሲሄድ ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ ኮምፒዩተርን ለማስተማር ሊያገለግል እንደሚችል አዋቂዎች በዚያው ጊዜ አመለከቱ። ዓመት ቆይቶ በጥር 2020 ክሊርቪው ኤ.አይ. የተባለ ኩባንያ ባለቤቶቹ ሳይፈቅዱ ከሦስት ቢሊዮን በላይ ፎቶግራፎችን ከየድረ ገጹ ሰብስቦ ፊትን ለመለየት አገልግሎት እንዳዋለው ተገለጠ። በ2022 የኢጣልያው ባለሥልጣን በዚሁ ኩባንያ ላይ 20 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለበት። የአየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽንም በመስከረም 2023 በቲክቶክ ላይ 345 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ወሰነ። ከምክንያቶቹም አንዱ በ2020 የልጆች መዝገብ ከመጀመሪያው ለማንም ተመልካች ክፍት ሆኖ መዘጋጀቱ ነበር።

አታላዮችም በዚህ ገበያ መካከል ይገኛሉ። በኅዳር 2022 አካልን ሰውሮ ጥላውን ብቻ የሚያሳይ የምስል ማጣሪያ ተሰራጭቶ፣ አንዳንዶች በማጣሪያው ተማምነው ራቁታቸውን ሆነው ይቀረፁ ጀመር። ወዲያውም «ማጣሪያውን አንሥቶ ገላቸውን የሚያሳይ ሶፍትዌር እነሆ» የሚሉ ሰዎች ተነሡ። ሶፍትዌሩ ግን ሐሰት ነበረ፤ በኮምፒዩተራቸው የጫኑት ሰዎች የይለፍ ቃላቸውንና የገንዘብ ካርዳቸውን ምስጢር ተሰረቁ። የሌላውን ገመና ለማየት የቋመጠ የራሱን አጣ።

በዐረብ አገሮች ለሥራ ያሉ እኅቶቻችንም ይህን ጉዳይ በተለየ ሊያስቡበት ይገባል። ናፍቆትንና ድካምን ለመርሳት ሲሉ በሚሠሩበት ቤት ውስጥ ቪዲዮ የሚቀርፁ አሉ። ነገር ግን ቤቱ የሌላ ሰው ነው፤ ከበስተኋላ የሚያልፈውም ልጅ የሌላ ሰው ልጅ ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ በ2007 የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል ሕግ ካሜራ ባለው ስልክ የሰውን ምስጢር መድፈርን እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል ያስቀጣል። በአቡዳቢም በሐምሌ 2018 ከሚሄድ መኪና ወርደው እየጨፈሩ የተቀረፁ ሦስት ታዋቂ ሰዎች እንዲያዙ ዐቃቤ ሕጉ አዝዞ ነበር። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ጨዋታ የብዙ ዓመት ልፋትን ሊያጠፋ ይችላል።

መንግሥታት ነገሩን በዝምታ አልተመለከቱትም። አውስትራሊያ ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በታላላቆቹ ማኅበራዊ መገናኛዎች መዝገብ እንዳይኖራቸው ያወጣችው ሕግ ከታኅሣሥ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። ሕግ ግን ከግቢያችን ገብቶ ማንኪያውን ከልጅ እጅ አይቀበልም። ያ የእኛ ሥራ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ስልኩን ነጥቆ መደበቅ ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ በጓደኛው ስልክ እንዳይቀርፅ የሚያግደው የለም። የምንመክረው ከልጁ አጠገብ መቀመጥን ነው። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቢሆን የሚያየውን አብረን እንይ፤ ከዚያም በቁጣ ሳይሆን በጨዋታ መልክ ሦስት ነገሮችን እንጠይቀው። ቪዲዮው ካለቀ በኋላ ምን የሆነ ይመስልሃል? ከበስተኋላ ምን ይታያል? የዛሬ አሥር ዓመት ይህን ማን እንዲያየው ትወዳለህ? ልጅ ራሱ አስቦ ያገኘውን መልስ ከእኛ ከሰማው መቶ ተግሣጽ ይልቅ ይጠብቀዋል። መዝገቡም ለሚያውቃቸው ሰዎች ብቻ ክፍት እንዲሆን፣ የሚገኝበትን ቦታ የሚናገረው የስልኩ ክፍል እንዲዘጋ፣ በተማሪ ቤት ልብስም እንዳይቀረፅ አብረን እናስተካክል።

ምልክቶችንም እንወቅ። ብቻውን በሩን ዘግቶ ከቆየ በኋላ ግራ የተጋባ፣ ዓይኑ ደም የለበሰ፣ አንገቱ ላይ ሰንበር የሚታይበት፣ ራሴን አመመኝ ማለት የሚያዘወትር ልጅ ካለ በእርጋታ እንጠይቀው፤ ለሐኪምም እናሳየው። የማይበላ ነገር ወይም መድኃኒት የዋጠ እንደ ሆነ፣ በግድ ለማስታወክ ሳንሞክር፣ የዋጠውን ነገር ማሸጊያ ይዘን ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ስድቡና ቁጣው ይቆይ። እቀጣለሁ ብሎ የሚፈራ ልጅ የዋጠውን ይደብቃል፤ የሚገድለውም ያ መደበቁ ነው።

ለእኛ ለትልልቆቹም የሚነገር አለ። ሕፃን ልጁን አስጨፍሮ፣ ወይም አስደንግጦና አስለቅሶ ለብዙ ሺህ ሰው የሚያሳይ ወላጅ በዘመናችን ጥቂት አይደለም። ሕፃኑ እሺም እንቢም ሊል አይችልም። አድጎ ሲጠይቅ መልስ የምንሰጠው እኛ ነንና፣ ምስሉን እርሱ በአደራ እንዳስቀመጠብን ንብረት እንያዝለት።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ጊዜ ነው። የድሮው ሽማግሌ «ተው» ባለ ጊዜ ቃሉ የተሰማው ድምፁ ስለ ጎላ ብቻ አልነበረም፤ በየቀኑ ከዚያ ደጃፍ ስለ ተቀመጠና የልጆቹን ሁሉ ስም ስለሚያውቅ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን የሚጫወቱበት ሜዳ በእጃቸው መዳፍ ውስጥ ነው። እኛም ወንበራችንን ወደዚያ አስጠግተን እንቀመጥ።